ውሃ የሚጠራው ሽሮፕ

ጥሩብርሃን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ጠበልተኛው በሚወርድበት መንገድ ዳር፣ ባዶ ጄሪካን ትሸጣለች። እዚያች ድንጋይ ላይ መቀመጥ ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላት። ቢጫውን ባለ አምስት ሊትር፣ ነጩን ባለ ሦስት፣ ትንንሾቹን ጠርሙሶች በሲባጎ እየሰካች እንደ ዶቃ ትደረድራቸዋለች። ነፋስ ሲነሣ ጄሪካኖቹ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ዳገቱን የሚወጣ ሰው ከቅዳሴው ድምፅ በፊት የሚሰማው የጥሩብርሃንን ዕቃ ነው ይባላል።

የሚገርመው ነገር፣ ለአገር ሁሉ የውሃ ዕቃ እየሸጠች እሷ ውሃ አትጠጣም። ጠልታው አይደለም። ውሃ የጠጣ ሰው መነሣት አለበት። የተነሣች ሴት ደግሞ ባሕር ዛፉን አቋርጣ እስከ ታች መውረድ ይኖርባታል። ገና ጀማሪ ነጋዴ ሳለች አንድ ቀን እንደዚያ ወርዳ ስትመለስ ግማሽ ዕቃዋን ሰው አንሥቶት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ጧት አንድ ስኒ ሻይ፣ ማታ ቤቷ ስትገባ አንድ ጣሳ ውሃ፣ በቃ። አጠገቧ ጧፍ የምትሸጠው አገርነሽም እንደዚያው ናት። “ሆዳችን ለምዷል” ይላሉ ሁለቱም፤ ሆድ የሚለምድ ይመስል።

ጥር ላይ ጥሩብርሃን የጤዛ ጭቃ አንሸራተታትና በግራ እጇ ወደቀች። አንጓዋ ላይ ተሰነጠቀ። ጤና ጣቢያ ወስደው በጄሶ አሰሩላትና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሰጧት። ሕመሙ ለቀቃት። ነገር ግን እጇን የለቀቀው ነገር ሆዷን ያዘው። አንድ ቀን ወገቧን ሳትሞክር አለፈ፤ ሁለት፤ ሦስት። እሷም ቀኑን መቁጠር ጀመረች፤ ቆጠራውንም ከሰው ደበቀች።

የምትቆጥረው በምክንያት ነው። እናቷ የሞተችው ሆዷ ተዘግቶ ነው። ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ በኩል፣ ጥሩብርሃን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች። በዘጠነኛው ቀን። ዘመድ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያወራው እንደዚያ ነው፤ “ሆዷ ተዘግቶ፣ በዘጠነኛው ቀን።” ጥሩብርሃን በቀሪ ዘመኗ ሁሉ ዘጠኝ ቁጥርን ስትሰማ የሆነ ነገር ጀርባዋን ቀዝቀዝ ይላታል።

በስድስተኛው ቀን አገርነሽ ነቃችባት።

“አንቺ፣ ምነው ፊትሽ እንደ ሰነበተ ቆዳ ተኮማተረ?”

“ምንም አልሆንኩ።”

“ምንም ያልሆነ ሰው ሆዱን በሁለት እጁ አይደግፍም፤ ያውም አንዱ እጁ ተሰብሮ። ስንት ቀንሽ ነው?”

ጥሩብርሃን መንገዱን ግራና ቀኝ አየችና “ስድስት” አለች በሹክሹክታ።

“በኪዳነ ምሕረት! ስድስት ቀን ሙሉ ምን አቅፈሽ ነው የምትዞሪው? ለማን ልታወርሺው ነው?” አገርነሽ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችው። “ኮሶ ነው እንጂ እቴ። ባዶ ሆድሽን አንድ ዋንጫ ኮሶ ግጥም ብታደርጊ ከቀትር በፊት ጠርጎ ያወጣዋል። ድሮ ሰው በየሁለት ወሩ አይደል እንዴ የሚያሽረው?”

ኮሶ የሚለው ቃል ሲወጣ የጥሩብርሃን ፊት ተለወጠ። ተነሣች። “ዕቃዬን አደራ” አለችና በታክሲ ወደ መገናኛ ወረደች።

ሰፈር ውስጥ መድኃኒት ቤት ጠፍቶ አይደለም። ግን የሰፈሩ መድኃኒተኛ ያውቃታል፤ የመድኃኒተኛው ሚስት ታውቃታለች፤ የሚስትየው ዕድር ሁሉ ያውቃታል። መገናኛ ግን ሰው እንደ ጉንዳን ስለሚርመሰመስ ማንም ማንንም አያይም። ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ያለ ፋርማሲ ገባችና ወንዶቹ ገዝተው እስኪወጡ የሳሙና መደርደሪያ እያየች ቆመች። ሳሙናውን ሦስት ጊዜ አንሥታ ሦስት ጊዜ መለሰች።

ከመስተዋቱ ጀርባ የነበረችው ወጣት ሰልማ ትባላለች፤ ወላጆቿ ከስልጤ የመጡ፣ ሰማያዊ ሻሽ በወጉ የጠመጠመች ልጅ። ሁኔታው ገባት መሰለኝ፣ ዞራ ወጥታ ወንበር ሳበችላት።

“እማማ፣ ይቀመጡ። ምን ልታዘዝ?”

“ሆዴ…” አለች ጥሩብርሃን። ቀሪውን ነጠላዋ ውስጥ ተናገረችው።

ሰልማ አልሳቀችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀች። አስመልሷት እንደሆነ ጠየቀች፤ አላስመለሳትም። ደም አይታ እንደሆነ፤ አላየችም። ሆዷ ደንድኖ ክፉኛ ይቆርጣት እንደሆነ፤ ይከብዳታል እንጂ አይቆርጣትም። ከስታ እንደሆነ፣ የስኳር በሽታ እንዳለባት፣ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ። የማስታገሻውን ወረቀት ስታይ “አሃ” አለች። “ይኼ ኪኒን እጅ ሲያስታግስ ሆድ ያደርቃል። ለሰጡዎት ሐኪም ነገ ዛሬ ሳይሉ ይንገሩ። አየርስ ይወጣል?”

“ምን?”

“አየር። ከታች።”

ጥሩብርሃን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። “አንቺ ልጅ! ይኼ ይጠየቃል?”

“ይኼን ሳልጠይቅ መድኃኒት ብሰጥ ነው የሚያሳፍረው፣ እማማ። አየር እንኳ ካቆመና ካስመለሰ ሽሮፕ ሳይሆን ሆስፒታል ነው።”

“ይወጣል” አለች ጥሩብርሃን፣ በኑዛዜ ድምፅ።

“ውሃስ በደንብ ይጠጣሉ?”

“እጠጣለሁ።”

ዋሸች። ለምን እንደዋሸች ራሷም አታውቀው። ጄሪካን ሻጭ ውሃ አልጠጣም ብትል ያስቅባት ይሆናል ብላ ይሆን?

ሰልማ አንድ ቡናማ ጠርሙስ አወጣች። ላክቱሎዝ የሚባል ሽሮፕ ነው። ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ ክዳኑ ላይ ተደፍቶበታል። “አሥራ አምስት የሚለው መሥመር ይታይዎታል? እዚህ ድረስ። ጧት አንድ፣ ማታ አንድ። ከዚያ አይጨምሩ።”

“መራራ ነው?”

“ጣፋጭ ነው።”

“ጣፋጭ!” ጥሩብርሃን ተስፋ ቆረጠች። መድኃኒት ጣፋጭ ሆኖ ያውቃል? “ታዲያ እንዴት አድርጎ ነው የሚገፋው?”

“አይገፋም። ወደ ደም እንኳ የሚገባው ኢምንት ነው። አንጀት ውስጥ ቁጭ ብሎ ውሃ ይጠራል።” ሰልማ ትንሽ አሰበች። “ቋንጣ ሲዘለዝሉ ጨው ይነሰንሱበታል አይደል? ከዚያ ሳህኑ ላይ ምን ያገኛሉ?”

“ውሃ።”

“ማን አፈሰሰው?”

“ማንም። ሥጋው ራሱ…” ዕድሜ ልኳን ቋንጣ ስትዘለዝል ያንን ውሃ ደፍታዋለች እንጂ አንድም ቀን ከየት መጣ ብላ አልጠየቀችም።

“ሽሮፑም እንደዚያ ነው። ውሃውን ጠርቶ የደረቀውን ያርሰዋል፤ የረጠበ ነገር ደግሞ መንገዱን ያውቀዋል። ግን ቀስ ብሎ ነው። አንድ ቀን ይፈጃል፣ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት። መጀመሪያ ሆድ ይነፋል፣ ይንጎራጎራል፣ አየር ይበዛል። እሱ አያስደንግጥዎት። ከቀጠነብዎት ይቀንሱ፤ ካላቆመ ይተዉትና ይምጡ። ካስመለሰዎት፣ ሆድዎ ከደነደነና ከቆረጠዎት፣ ደም ካዩ፣ ሽሮፑን ትተው ቀጥታ ሐኪም ጋ። ጎመን ይብሉ፣ ፓፓያ ካገኙ ይብሉ። ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ።” ስልክ ቁጥሯን በእስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ጻፈችላት።

ያን ማታ ጥሩብርሃን በመስኮቱ ብርሃን መለኪያውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ቀዳች። እንደ ማር ወፍሮ ወረደ። ዋጠችው። የምሬት ዘመን ሰው ናትና ፊቷን አስቀድማ አጨማድዳ ነበር፤ የተጨማደደው ፊት ሥራ ፈትቶ ቀረ።

በሰባተኛው ቀን ሆዷ መናገር ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ፣ ኋላ እንደ ሠርግ ቤት። አገርነሽ ጧፏን እያስተካከለች ጆሮዋን አቀናች።

“ጄሪካንሽ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?”

“ነፋስ ነው።”

“ነፋስማ ነው፤ ከየት እንደሚነፍስ ነው እንጂ ያልገባኝ።”

ጥሩብርሃን ሳቀች፤ ስትስቅ ሌላ ነፋስ አመለጣትና ሁለቱም በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው አንድ ጠበልተኛ እስኪያልፍ አጎንብሰው ቆዩ። ግን ከነፋስ በቀር ምንም አልመጣም። ማታም፣ በስምንተኛው ቀን ጧትም፣ መለኪያዋን ወሰደች። ምንም።

ስምንተኛው ቀን ረጅም ነበር። ፀሐይዋ እንጦጦ ላይ የቆመች መሰለች። ጥሩብርሃን በድንጋይዋ ላይ ሆና ነገን ታስባለች። ነገ ዘጠነኛው ነው። የምትበላው አልቀመስ አላት። አገርነሽ ወደ ማምሻው ላይ ቤቷ ድረስ መጣችና በላስቲክ የተቋጠረ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

“ኮሶ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ሴትዮ ነው ያመጣሁት። ነገ ጧት ባዶ ሆድሽን ጠጪው፤ ለሚጠይቅሽ ሰው ኮሶ ጠጥታለች እልልሻለሁ፤ ማንም አይመጣብሽም። የዚያች ልጅ ስኳር ውሃ ሕፃንም አያሽር!”

“ውሰጅው።”

“ልትሞቺ ነው እኮ አንቺ ሴት!”

“ውሰጅው አልኩሽ፣ አገርነሽ!”

አገርነሽ ላስቲኩን ይዛ፣ አኩርፋ፣ ደግሞም እንባ ባቀረረ ዓይን ወጣች።

ጥሩብርሃን ብቻዋን ስትቀር ጠርሙሱን አንሥታ አየችው። አገርነሽ በኮሶው ብትሳሳትም በሌላው ልክ ልትሆን ትችላለች። ይህች መለኪያ፣ የወፍ ውሃ መጠጫ የምታህል፣ የስምንት ቀን ነገር እንዴት ታሸንፋለች? መጠኑ አንሶ ነው። የውሃ ብርጭቆ አወጣች። ጠርሙሱን ዘነበለች። ሽሮፑ ወርቅ እየመሰለ ብርጭቆውን ሞላው። ወደ አፏ አስጠጋችው።

ብርጭቆው እጇ ላይ ሲከብዳት ሌላ ዕቃ ትዝ አላት።

የቀንድ ዋንጫ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዋንጫውን ከግርጌ ደግፋ የያዘችው እሷ ናት። እናቷ አጎዛ ላይ ጋደም ብላለች። ጎሕ ሲቀድ አንድ ዋንጫ ኮሶ ጠጥታለች፤ ቀትር ሆነ፣ አላሻረም። አክስቷ “መጠኑ አንሶ ነው፤ ድገሚላት” አለቻት። እሷም ልጅ ናትና ደገመችላት። እናቷ ዋንጫውን በአፏ ገፋ አድርጋ አንድ ቃል ተናገረች። “ውሃ።” አክስቷ “ውሃ ኮሶ ይሰብራል” አለች። አልተሰጣትም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ጥሩብርሃን ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በሌላ ስም ስትጠራው ኖራለች። ሆዷ ተዘግቶ። በዘጠነኛው ቀን። ሁለተኛው ዋንጫ ግን ወሬው ውስጥ የለም። ውሃውም የለም።

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የሰልማን ቁጥር ከወረቀቱ እያየች ደወለች።

“የኔ ልጅ፣ የኪዳነ ምሕረቷ ነኝ፣ ጄሶ ያለብኝ። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ቀድቻለሁ።”

“ጠጡት?” የሰልማ ድምፅ ተለወጠ።

“አልጠጣሁም። አጠገቤ ነው።”

“ተመስገን። አይጠጡት። ወደ ጠርሙሱም አይመልሱት፣ ይድፉት። ያ ሁሉ ቢገባ ተቅማጡ በሰውነትዎ ያለውን ውሃ ጠርጎ ነበር የሚያወጣው።” ያን የመጀመሪያውን ቀን ጥያቄ ሁሉ እንደገና አንድ በአንድ ጠየቀቻት፤ ማስመለስ፣ መቁረጥ፣ አየር። ከዚያ፣ “ዛሬ ውሃ ስንት ብርጭቆ ጠጡ?”

ጥሩብርሃን ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ውጭ ባሕር ዛፉ ይንሿሿል።

“እማማ?”

“እውነቱን ልንገርሽ ልጄ። አልጠጣሁም። ትናንትም አልጠጣሁም። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ቀን ቀን ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።”

የሰልማ ድምፅ የቁጣ አልነበረም።

“ታዲያ መድኃኒቱ ማንን ይጥራ፣ እማማ? የሌለ ውሃ ይጠራል? ደጅ ደጁን ሲጣራ ሁለት ቀን ሆነው፤ ቤት ውስጥ ሰው የለም።”

ጥሩብርሃን እንባዋ መጣ።

“አሁን መለኪያዎን ብቻ ይውሰዱ። ከእሱ ጋር ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ቀስ እያሉ። ሳይተኙ በፊት ሌላ አንድ። ነገ ጧት ምንም ከሌለ ለእኔ አይደውሉ፤ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሌሊት ቢያስመልስዎት ወይም ቢቆርጥዎት ጧትም አይጠብቁ። እሺ?”

“እሺ።”

ሽሮፑን ከደጅ ባሕር ዛፉ ሥር ደፋችው። ከዚያ ቤት ውስጥ ለሌሊቱ ውሃ የሚይዝ ዕቃ ስታጣ፣ ለነገ ገበያ ካሰረችው አንድ ቢጫ ጄሪካን ፈታች። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሸጥ ከዚያ ዕቃ ጠጥታ አታውቅም። አጥባ ሞላችው፤ መለኪያዋንም ወሰደች። ስትጠጣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ጉሮሮዋ ላይ እንደ እንግዳ ቆመ፤ ሁለተኛው ግን መንገዱን አውቆት ወረደ። በሦስተኛው ላይ “ይኼ ላንቺ ነው፣ እማዬ” አለች። ለምን እንዳለችው አላወቀችም።

ጎሕ ሳይቀድ ነቃች። የማኅሌቱ ከበሮ ከላይ ይሰማል። ሆዷ ዝም ብሏል። የፍርሃት ዝምታ መስሏት እጇን አሳረፈችበት፤ ለስልሷል። ከዚያ ነገሩ መጣ። ቁርጠት የለው፣ ትግል የለው፣ ላብ የለው። ብድግ ብላ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት ሄደች። የዘጠኝ ቀን ሸክም እንደ ቀላል ነገር ተራገፈ።

ስትወጣ ጓሮው ላይ ቆመች። ኮሶ ሲያሽር ታውቃለች፤ ሰው ያጎብጣል፣ ያስጮኻል፣ ቀኑን ሙሉ ያጋድማል፤ ኃይል ማለት እሱ ይመስላት ነበር። ይኼ ግን ሳይጮኽ፣ ሳይመታ፣ ውስጧ ተቀምጦ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጣራ ቆይቶ፣ ውሃው ሲመጣለት ሥራውን ሠርቶ ሄደ። በበጋ ከድንጋይ ሥር ምንጭ ሲፈልቅ አይታለች፤ ያን ስታይ ትሳለማለች። የራሷ ሆድ ውስጥ እንደዚያ ያለ ነገር ይኖራል ብላ ግን አስባ አታውቅም። የጠጣችው ውሃ ነው፤ የጨውና የቋንጣ ጉዳይ ነው፤ ልጅቷ አስረድታታለች። ቢያስረዷትም መደነቋ አልቀነሰም። እንዲያውም ባሰባት። በባሕር ዛፉ ሥር ማታ የደፋችውን ሽሮፕ ጉንዳን ወርሮታል። አማተበች። ዘጠነኛው ቀን ነጋ።

ጤና ጣቢያው የማስታገሻውን ኪኒን በሌላ ቀየረላት። ሽሮፑንም ሰልማ እንዳለቻት ቀንሳ ጥቂት ቀን ከወሰደችው በኋላ ተወችው።

በዚያው በዘጠነኛው ቀን ጧት ግን ድንጋይዋ ላይ ስትደርስ አገርነሽ አኩርፋ ፊቷን ወደ ጧፉ አዙራለች። ጥሩብርሃን ቢጫውን ጄሪካን መሃላቸው አኖረችው፤ ግማሽ ድረስ ውሃ አለው።

“አልሞትኩም” አለች።

አገርነሽ ዞረች። አየቻት። “ሆነልሽ?”

“ሆነልኝ።”

“እልል! በዚያ ስኳር ውሃ?”

“በሱም። በውሃውም።” ጥሩብርሃን እጇን ጄሪካኑ ላይ አሳረፈች። “አገርነሽ፣ እናቴን የገደላት የሆዷ መዘጋት አይመስለኝም። ቸኩለንባት ነው። ውሃ አለችን፣ ከለከልናት።” እንዲህ ብላ ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። አገርነሽ እጇን ዘርግታ የጥሩብርሃንን ጄሶ ያዝ አደረገችው፤ ለረጅም ጊዜ አለቀቀችውም።

ረፋድ ላይ ጥሩብርሃን ከጄሪካኑ አንድ ኩባያ ቀድታ ጠጣች። ሁለተኛም ጠጣች። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ ጠበልተኛው ሁሉ እያለፈ፣ ብድግ አለች።

“ዕቃዬን ጠብቂልኝ።”

“ወዴት ነው?”

“ወገቤን ልሞክር!” አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። አንድ ዲያቆን ዘወር ብሎ አየ።

አገርነሽ በሳቅ ጧፏን ደፋች። ሳቋ ሲያልቅ ጄሪካኑን ተመለከተችው፤ ቆይታ ቆይታ ኩባያውን አነሣች።

“ስትመለሺ የኔን ትጠብቂልኛለሽ?”

“እጠብቅልሻለሁ። ጠጪ።”

ጥሩብርሃን በባሕር ዛፉ መሃል ቁልቁል ወረደች፣ ሳትቸኩል።